ዶላር ነክቶ የማያውቅ አርሶ አደር የዶላር ጉዳይ ለምን ይመለከተዋል?

በሜጫ፣ በደምበጫ ወይም በፎገራ የሚኖር አንድ አርሶ አደር ዕድሜውን ሙሉ ዶላር በእጁ ሳይነካ ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ ለበቆሎ ማሳው የሚጨምረው ዩሪያ በዶላር የተገዛ፣ በዶላር በተከፈለበት መርከብ የተጫነ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ተራግፎ በከባድ መኪና እስከ ዩኒየኑ መጋዘን የደረሰ ነው። መኪናው ያቃጠለው ነዳጅም በዶላር ተገዝቶ የገባ ነው። ስለዚህ አርሶ አደሩ ከመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ሲረከብ የሚከፍለው ዋጋ በከፊል የሚወሰነው እርሱ በማያውቃቸውና እርሱንም በማያውቁ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ነው።

ያ ጠረጴዛ የዓለም የገንዘብ ሥርዓት ይባላል። በ2008 የደረሰው የፋይናንስ ቀውስ ሥርዓቱን ከመሠረቱ ካናወጠው በኋላ «መሻሻል አለበት» ያላለ መሪ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጉባኤዎች ተካሂደዋል፤ ብዙ መግለጫዎችም ወጥተዋል። ምን ተለወጠ? ምንስ ሳይለወጥ ቀረ? ለእኛስ ምን ትርጉም አለው? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ለማብራራት ይሞክራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀውሱ እንዴት ተነሣ?

የቀውሱ መነሻ አሜሪካ ውስጥ የተሰጠ የቤት መግዣ ብድር ነበር። ባንኮች የመክፈል ዐቅማቸው ላልተረጋገጠ ሰዎች ጭምር ገንዘብ አበደሩ። ከዚያም ብድሮቹን እየጠቀለሉ እንደ ሸቀጥ ለሌሎች ባንኮችና ለባለሀብቶች ሸጡ። የቤት ዋጋ እስከጨመረ ድረስ ሁሉም አትራፊ ይመስል ነበር። ዋጋው መውረድ ሲጀምር ግን መጥፎው ብድር በየትኛው ጥቅል ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ። የነቀዘውን እህል ከጤነኛው ጋር ደባልቆ በየገበያው እንደ መሸጥ ነው፤ ሸማቹ ነቀዙ የቱ ጆንያ ውስጥ እንዳለ ካላወቀ የሁሉንም ሻጭ እህል መግዛት ያቆማል።

በመስከረም 15 ቀን 2008 ሌማን ብራዘርስ የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ የፋይናንስ ኩባንያ ከሰረ። ባንኮች እርስ በርስ መበዳደር አቆሙ። የአሜሪካ መንግሥት የፋይናንስ ተቋማቱን ለማዳን እስከ 700 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ገንዘብ በሕግ አጸደቀ። በቀጣዩ ዓመት የዓለም የሸቀጥ ንግድ መጠን በ12 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

የአፍሪካ ባንኮች እነዚያን ጥቅል ብድሮች አልገዙም ነበር ማለት ይቻላል። ጉዳቱ ግን በሌላ በር ገባ። የውጭ ገበያ ሲቀዘቅዝ የወጪ ንግድ ገቢ ወረደ፤ በውጭ ሀገር የሚሠሩ ወገኖች ወደ ቤተሰቦቻቸው የሚልኩት ገንዘብ ላይ ጫና አረፈ፤ የመዋዕለ ንዋይ ፍሰቱም ቀዘቀዘ። ለኢትዮጵያ ደግሞ ይህ ሁሉ የመጣው ከሌላ መከራ ማግሥት ነበር። በ2008 አጋማሽ በዓለም ገበያ የአንድ ቶን ዳፕ ዋጋ ከ1000 ዶላር በላይ ደርሶ፣ የምግብና የነዳጅ ዋጋም አሻቅቦ የሀገሪቱን የውጭ ምንዛሪ ክምችት አራቁቶት ነበር። በዚህም ምክንያት ኢትዮጵያ በጥር 2009 ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር፣ በነሐሴ ደግሞ 240 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ድጋፍ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ በተለምዶ አይኤምኤፍ ከሚባለው ተቋም፣ ተፈቀደላት። ጥፋቱን ያላደረሱ ሀገራት ተበዳሪ ሆነው ቆሙ።

ከጠገራ ብር እስከ ዶላር

የሌላ ሀገር ገንዘብ የራስን ገበያ ሲመራ ማየት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን የተገበያዩበት ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል የተቀረጸበት፣ የ1780 ዓመተ ምሕረት የታተመበት የአውሮፓ ብር ነበር። እዚህ ቡናና ቆዳ ይለወጥበት እንጂ ምን ያህል ጠገራ እንደሚመታ የሚወሰነው እዚህ አልነበረም። የብር ማዕድን ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወድቅና ሲነሣ የጠገራው የመግዛት ዐቅምም አብሮ ይዋዥቅ ነበር።

ዶላር ለዓለም የሆነው ጠገራው ለእኛ ከሆነው ብዙ አይለይም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲቃረብ፣ በሐምሌ 1944፣ የ44 ሀገራት ልዑካን በአሜሪካ ኒው ሃምፕሺር ግዛት ብሬተን ውድስ በተባለ ስፍራ ተሰብስበው አዲስ የገንዘብ ሥርዓት ዘረጉ። አይኤምኤፍና የዓለም ባንክ የተወለዱት በዚያ ጉባኤ ነው። ከአፍሪካ የተገኙት ግብፅ፣ ኢትዮጵያ፣ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበሩ፤ ሌላው የአህጉሩ ክፍል ገና በቅኝ ግዛት ሥር ነበር።

በጉባኤው ሁለት ሐሳቦች ተፋጠጡ። የብሪታኒያው ምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆን ሜናርድ ኬይንስ የየትኛውም ሀገር ያልሆነ «ባንኮር» የተሰኘ የጋራ መገበያያ እንዲፈጠር ሐሳብ አቀረበ። በእርሱ ዕቅድ ከሚሸጠው በላይ የሚገዛ ሀገር ብቻ ሳይሆን ከሚገዛው በላይ የሚሸጥ ሀገርም ሚዛኑን እንዲያስተካክል ይገደድ ነበር። ምክንያቱም የአንዱ ትርፍ የሌላው ጉድለት ስለሆነ ማስተካከያውን ተበዳሪው ብቻ ይሸከም ማለት ፍትሐዊ አይደለም። የአሜሪካው ሃሪ ዴክስተር ዋይት ደግሞ ዶላርን ማእከል ያደረገ ሥርዓት ይዞ ቀረበ። ወርቁም ገንዘቡም በአሜሪካ እጅ ስለነበረ የአሜሪካ ሐሳብ አሸነፈ። አንድ ወቄት ወርቅ በ35 ዶላር ተተመነ፤ የሌሎች ሀገራት ገንዘብ ደግሞ ከዶላር ጋር ታሰረ። የኢትዮጵያ ብርም በ1945 አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ ለአንድ ዶላር ሁለት ብር ተኩል ገደማ ሆኖ የዚሁ ሥርዓት አካል ሆነ።

የትሪፈን እንቆቅልሽ

ሥርዓቱ ከውስጡ የተደበቀ ሕመም ነበረበት። ቤልጅግ ተወላጁ የምጣኔ ሀብት ምሁር ሮበርት ትሪፈን በ1960 ይህንን ሕመም ለአሜሪካ ምክር ቤት አስረድቶ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዓለም ለመገበያየትና ለክፉ ቀን ለማስቀመጥ ዶላር ይፈልጋል። ዶላሩ ወደ ዓለም የሚወጣው አሜሪካ ከምታስገባው በላይ ስታወጣ፣ ማለትም በዕዳ ስትኖር ነው። አሜሪካ ዕዳዋን ብታቆም ዓለም የመገበያያ እጥረት ይገጥመዋል፤ ብትቀጥል ደግሞ ውሎ አድሮ በዶላር ላይ ያለው እምነት ይሸረሸራል። የአንድ ሀገር ገንዘብ የዓለምም ገንዘብ ሲሆን ከዚህ ማጥ መውጣት አይቻልም።

ትንቢቱ ለመድረስ ብዙ አልቆየም። በነሐሴ 15 ቀን 1971 ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ዶላርን በወርቅ መለወጥ መቅረቱን አወጁ። ዶላር ከወርቅ ቢፋታም ከዙፋኑ ግን አልወረደም። ዛሬም የዓለም ማዕከላዊ ባንኮች ከሚይዙት መጠባበቂያ ከግማሽ በላዩ በዶላር የተያዘ ነው።

ከ1997ቱ የእስያ ቀውስ በኋላ በማደግ ላይ ያሉ ብዙ ሀገራት «በአይኤምኤፍ ደጃፍ ዳግመኛ አንቆምም» ብለው ዶላር ማከማቸት ያዙ። ያከማቹትንም በአነስተኛ ወለድ ለአሜሪካ መንግሥት መልሰው አበደሩ። ድኻው ለባለጸጋው አበዳሪ ሆነ ማለት ነው። በርካታ ምሁራን እንደሚሉት ይህ ወደ አሜሪካ የፈሰሰ ርካሽ ገንዘብ ለ2008ቱ የብድር ግርግር ማገዶ ከሆኑት አንዱ ነበር።

አስገራሚው ነገር ቀውሱ ሲፈነዳ የሆነው ነው። እሳቱ የተነሣው አሜሪካ ቤት ውስጥ ሆኖ ሳለ ባለሀብቶች ሁሉ ሀብታቸውን ይዘው የሸሹት ወደዚያው ወደ አሜሪካ ነበር። ከዶላር የተሻለ መጠለያ አላገኙምና። የዶላር ዋጋ ከፍ ሲል የድኻ ሀገራት ገንዘብ ተዳከመ።

የለንደኑ ጉባኤና ትልቁ ተስፋ

ከሌማን ውድቀት ሁለት ወር በኋላ፣ በኅዳር 2008፣ የቡድን 20 ሀገራት መሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በዋሽንግተን ተገናኙ። ከዚያ በፊት ቡድኑ የገንዘብ ሚኒስትሮችና የማዕከላዊ ባንክ ገዢዎች መድረክ ብቻ ነበር። የዓለምን ምጣኔ ሀብት ሰባት ወይም ስምንት ባለጸጋ ሀገራት ብቻቸውን ሊመሩት እንደማይችሉ ቀውሱ በግልጽ አሳየ፤ ቻይና፣ ሕንድና ብራዚል ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። በመስከረም 2009 በፒትስበርግ የተካሄደው ጉባኤም ቡድን 20 ዋናው የዓለም አቀፍ ምጣኔ ሀብት ትብብር መድረክ እንዲሆን ወሰነ።

ትልቁ ውሳኔ የተላለፈው ሚያዝያ 2 ቀን 2009 በለንደን ነበር። መሪዎቹ 1.1 ትሪሊዮን ዶላር የሚሆን ድጋፍ ይፋ አደረጉ። የአይኤምኤፍ የማበደር ዐቅም በሦስት እጥፍ አድጎ 750 ቢሊዮን ዶላር እንዲደርስ፣ 250 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ልዩ መጠባበቂያ ለአባል ሀገራት እንዲከፋፈል፣ ለንግድ ብድርና ለልማት ባንኮችም ተጨማሪ ገንዘብ እንዲመደብ ተስማሙ። የባንኮችን ሥርዓት የሚከታተል የፋይናንስ መረጋጋት ቦርድም ተቋቋመ። በ2010 ደግሞ ባንኮች የበለጠ የራሳቸውን ካፒታል እንዲይዙ የሚያስገድደው ባዜል ሦስት የተባለው ደንብ ወጣ።

በለንደኑ ጉባኤ የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ተገኝተው ነበር። የተገኙት ግን ኢትዮጵያ የቡድኑ አባል ስለሆነች አልነበረም፤ በወቅቱ ኔፓድ የተባለውን የአፍሪካ የልማት ትብብር በሊቀመንበርነት ይመሩ ስለነበር በእንግድነት ተጋብዘው ነው። የአፍሪካ ኅብረት የቡድን 20 ሙሉ አባል የሆነው ከ14 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2023 በኒው ዴልሂ ነው።

ከለንደኑ ጉባኤ ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 2009፣ የቻይና ማዕከላዊ ባንክ ገዢ ዡ ሻውቹዋን የአንድ ሀገር ገንዘብ የዓለም መጠባበቂያ ሆኖ መቀጠሉ አደገኛ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አወጡ፤ የኬይንስንም አሮጌ ሐሳብ አስታወሱ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ፕሬዚዳንት የተሰየመውና የኖቤል ተሸላሚው ጆሴፍ ስቲግሊትዝ የመሩት የባለሙያዎች ኮሚሽንም በዚያው ዓመት አዲስ የመጠባበቂያ ሥርዓት እንዲፈጠር መከረ። ሐሳቡ ሁለት መሥመር ያዘ፤ አንደኛው ማን ይወስን የሚል፣ ሁለተኛው በምን ገንዘብ የሚል ነው።

ማን ይወስናል? የአይኤምኤፍ ድምፅ

ጉዳዩን ለመረዳት ገጠሩ ከሚያውቀው ተቋም ብንነሣ ይቀላል። በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ አንድ አባል ያለው አንድ ድምፅ ነው። አሥር ዕጣ የገዛውም አንድ ዕጣ የገዛውም በጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጁን የሚያነሣው አንድ ጊዜ ነው። በአይኤምኤፍ ቤት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እያንዳንዱ ሀገር ኮታ የሚባል መዋጮ አለው፤ ብዙ ያዋጣ ብዙ ድምፅ አለው። ለሁሉም እኩል የሚሰጥ መነሻ ድምፅ ቢኖርም ከጠቅላላው ድምፅ ከስድስት በመቶ አይበልጥም።

ኮታው በቀመር ይሰላል። በቀመሩ የሀገሪቱ የምጣኔ ሀብት መጠን ግማሹን ቦታ ይይዛል፤ ቀሪው ለውጭ ንግድ ክፍትነት፣ ለገቢ መዋዠቅና ለመጠባበቂያ ክምችት የተሰጠ ነው። የሕዝብ ብዛት በቀመሩ ውስጥ ቦታ የለውም። በዚህም የተነሣ ከአንድ ሚሊዮን በታች ሕዝብ ያላት ሉክሰምበርግ፣ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ካላት ኢትዮጵያ ከአራት እጥፍ በላይ የሚበልጥ ኮታ ይዛለች። የኢትዮጵያ ድርሻ ከመቶ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

አሜሪካ ከጠቅላላው ድምፅ ወደ 16.5 በመቶ የሚጠጋ ይዛለች። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ይሁንና የድርጅቱ ትልልቅ ውሳኔዎች 85 በመቶ ድምፅ ስለሚጠይቁ አሜሪካ ያልወደደችው አይጸድቅም። ይህ በተግባርም ታይቷል። በ2010 የቡድን 20 መሪዎች በሴኡል ከስድስት በመቶ በላይ የኮታ ድርሻ ወደ ታዳጊ ኃይሎችና ድርሻቸው ካነሰ ሀገራት እንዲዛወር ተስማሙ። ስምምነቱን የአሜሪካ ምክር ቤት ያጸደቀው በታኅሣሥ 2015 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በጥር 2016። አምስት ዓመት የፈጀው አንድ ሀገር እስኪወስን በመጠበቅ ነው።

በታኅሣሥ 2023 ኮታው በ50 በመቶ እንዲያድግ ቢወሰንም ዕድገቱ ለሁሉም በያዘው ልክ ነው፤ ድርሻ ከአንዱ ወደ ሌላው አልተዛወረም። በሌላ በኩል በኅዳር 2024 ከሰሃራ በታች ላሉ የአፍሪካ ሀገራት ሦስተኛ ወንበር በሥራ አስፈጻሚ ቦርዱ ላይ ተጨምሮ የቦርዱ አባላት ቁጥር 25 ሆኗል። ወንበሩ መጨመሩ መልካም ነው፤ የድምፁን ክብደት ግን አልለወጠም።

በምን ገንዘብ? ልዩ የማውጣት መብት

ሁለተኛው መሥመር የገንዘቡ ጉዳይ ነው። አይኤምኤፍ ከ1969 ጀምሮ ኤስዲአር፣ በአማርኛ ሲተረጎም ልዩ የማውጣት መብት፣ የተሰኘ መጠባበቂያ አለው። በኪስ የሚያዝ ወይም በገበያ የሚመነዘር ገንዘብ አይደለም። አንድ ሀገር ሲቸግራት ለሌላ አባል ሀገር ሰጥታ ዶላር ወይም ዩሮ የምትወስድበት የተመዘገበ መብት ነው። ዋጋው የዶላር፣ የዩሮ፣ የቻይና ዩዋን፣ የጃፓን የንና የእንግሊዝ ፓውንድ ድብልቅ ነው። ዩዋን ቅርጫቱን የተቀላቀለው በጥቅምት 2016 ነው። የተቀበለችውን መብት የተጠቀመች ሀገር ወለድ ትከፍላለች፤ ነገር ግን ወለዱ ከገበያ ብድር ያነሰ ነው፤ እንደ ብድር ቅድመ ሁኔታም የለውም።

ይህ መብት የጋራ የእህል ጎተራን ይመስላል። ሁሉም ሀገር ለየብቻው ጎተራ ከሚሠራ ይልቅ ክረምት የጠናበት ከጋራው ይወስዳል። ኬይንስ ካሰበው ባንኮር ጋር የሚቀራረበውም ይኸው ነው። ችግሩ እህሉ የሚከፋፈልበት መስፈሪያ ላይ ነው። ክፍፍሉ በኮታ ስለሆነ ብዙ የሚደርሰው ብዙ ላለው ነው።

የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባናወጠበት ጊዜ፣ በነሐሴ 2021፣ አይኤምኤፍ በታሪኩ ትልቁን፣ 650 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ መብት አከፋፈለ። ከዚህ ውስጥ ለአሜሪካ ብቻ ከ110 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደረሳት። የአፍሪካ ሀገራት ሁሉ በአንድነት ያገኙት 33 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ለኢትዮጵያ ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ደረሳት። ባለጸጋዎቹ ከድርሻቸው 100 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣውን ለችግረኛ ሀገራት እንዲያስተላልፉ የቡድን 20 መሪዎች ግብ አስቀመጡ። የተላለፈው ግን በአብዛኛው በብድር መልክ ነው፤ ስጦታ አይደለም።

በጓደኛሞች መካከል ያለው መረብ

ከመድረኩ ጀርባ ሌላ የደኅንነት መረብ አለ። በቀውሱ ወቅት የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ለመረጣቸው 14 ማዕከላዊ ባንኮች በገንዘብ ልውውጥ ስምምነት ዶላር አቀረበ። በጥቅምት 2008 ብራዚል፣ ሜክሲኮ፣ ደቡብ ኮሪያና ሲንጋፖር እያንዳንዳቸው እስከ 30 ቢሊዮን ዶላር የመውሰድ ዕድል ተሰጣቸው። ከአፍሪካ ግን አንድም ማዕከላዊ ባንክ አልተካተተም። ስለዚህ በችግር ቀን ዓለም በሦስት ይከፈላል፤ ዶላር የሚያትመው፣ ከአታሚው ጋር ወዳጅነት ያለውና በአይኤምኤፍ ደጃፍ ወረፋ የሚይዘው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ አንዳንድ ሀገራት የራሳቸውን መረብ መዘርጋት ጀምረዋል። የእስያ ሀገራት ችያንግ ማይ በተሰኘው ስምምነት መጠባበቂያቸውን አስተሳስረዋል። የብሪክስ መሥራች ሀገራት በ2014 በብራዚሏ ፎርታሌዛ አዲስ የልማት ባንክና 100 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ የመጠባበቂያ ስምምነት መሥርተዋል። ኢትዮጵያ ከጥር 2024 ጀምሮ የብሪክስ አባል ናት። የብሪክስ አባል መሆን ግን ከመጠባበቂያ ስምምነቱ ተጠቃሚ ከመሆን ጋር አንድ አይደለም፤ ሁለቱ የተለያዩ በሮች ናቸው። የመጠባበቂያ ስምምነቱም ራሱ በዶላር የተሰላ ነው።

የዕዳ ጉዳይ፦ አራት መኸር የፈጀ ድርድር

አንድ ኩባንያ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ጉዳዩን የሚያይ ፍርድ ቤትና የኪሳራ ሕግ አለው። ሀገር ግን የላትም። በ2020 የቡድን 20 ሀገራት የዕዳ ሽግሽግ የሚካሄድበት የጋራ ማዕቀፍ አወጡ። ቻድ፣ ኢትዮጵያና ዛምቢያ በ2021 መጀመሪያ ላይ ቀድመው ጠየቁ።

ኢትዮጵያ በ2014 የሸጠችው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ዩሮ ቦንድ ነበረባት፤ በታኅሣሥ 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ከመንግሥታዊ አበዳሪዎች ጋር በመርሕ ደረጃ የተስማማችው በመጋቢት 2025 ነው፤ የመግባቢያ ሰነዱ የተፈረመው ደግሞ በሐምሌ 2025። ስምምነቱ 8.4 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ዕዳን ያካተተ ነው። ከጥያቄው እስከ ስምምነቱ አራት ዓመት አለፈ። በገጠር አቆጣጠር አራት መኸር ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ሀገሪቱ ጦርነትንና ድርቅን ጭምር ተሸክማለች፤ መዘግየቱ የማዕቀፉ ብቻ ጥፋት ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም አበዳሪዎችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጠረጴዛ የሚያመጣ ሕግ አለመኖሩ ድርድሩን ማጓተቱ አይካድም።

ወደ ማሳው ስንመለስ

ይህ ሁሉ ወደ አርሶ አደሩ ደጅ የሚደርሰው በምንዛሪ ተመን በኩል ነው። ብር ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1992 ድረስ ለአንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ሆኖ ኖሯል፤ በዚያ ዓመት 5 ብር ሆነ። በሐምሌ 29 ቀን 2024 ብሔራዊ ባንክ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ በቀጣዮቹ ወራትም ከ120 ብር አለፈ። በዚያው ዕለት አይኤምኤፍ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ።

ትርጉሙን በምሳሌ እናስላው። አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ወደብ እስኪደርስ 60 ዶላር ወጣበት እንበል። ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር ኩንታሉ 3420 ብር ነው። በ120 ብር ሲመነዘር 7200 ብር ይሆናል። በዓለም ገበያ ዋጋው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ወጪው ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። መንግሥት ልዩነቱን በድጎማ ሲሸፍን ሸክሙ ከአርሶ አደሩ ትከሻ ወደ በጀት ይዞራል እንጂ አይጠፋም። እንደ 2022ቱ የዩክሬን ጦርነት ሰሞን የዓለም ዋጋው ራሱ ሲጨምር ደግሞ፣ ያኔ አንድ ቶን ዩሪያ ከ900 ዶላር በልጦ እንደነበረው፣ ሁለቱ ሸክሞች ይደራረባሉ።

ለውጡ ሌላም ገጽ አለው። ቡናና ሰሊጥ ለውጭ ገበያ የሚያቀርብ አምራች የሚያመጣው ዶላር በብዙ ብር ይመነዘራል። በይፋዊውና በጥቁር ገበያው ተመን መካከል የነበረው ሰፊ ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ሕጋዊውን ላኪ ነበር። ጥያቄው ትርፉ እስከ ገበሬው ድረስ ይወርዳል ወይስ በመካከል ባሉ እጆች ላይ ይቀራል የሚለው ነው። መልሱ በዋሽንግተን ሳይሆን እዚሁ፣ በገበያ ትስስራችንና በኅብረት ሥራ ማኅበሮቻችን ጥንካሬ ላይ ይገኛል።

ምን ይጠበቃል?

ከ2008 ወዲህ የተሠራውን በሚዛን ብናስቀምጥ ባንኮችን የማጠናከሩ ሥራ ከሁሉም የተሻለ ተራምዷል። የወረርሽኙ ጊዜ ሲመጣ ትልልቆቹ ባንኮች እንደ 2008ቱ አልፈራረሱም። የማበደር ዐቅሙም አድጓል። የመወሰን ሥልጣኑና የገንዘቡ ዓይነት ግን በአብዛኛው በነበሩበት ናቸው። እሳት የማጥፊያው ውኃ ጨመረ፤ ቤቱ ግን በአሮጌው ንድፍ እንደቆመ ነው።

በሐምሌ 2015 አዲስ አበባ ላይ የተካሄደው ሦስተኛው የልማት ፋይናንስ ጉባኤ የታዳጊ ሀገራት ድምፅ በዓለም አቀፍ ተቋማት እንዲጠናከር ቃል የተገባበት ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ በስፔኗ ሴቪያ የተካሄደው አራተኛው ጉባኤም ይኸንኑ ጥያቄ እንደገና አነሣው። ጥያቄው ደጋግሞ መነሣቱ አለመመለሱን ያሳያል።

አንባቢ ከእንግዲህ ስለ ዓለም አቀፍ የገንዘብ ጉባኤ ዜና ሲሰማ ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ይበጃል። የኮታው ድርሻ ተዛወረ ወይስ እንዳለ አደገ? የሚከፋፈለው መጠባበቂያ በችግር ልክ ነው ወይስ በሀብት ልክ? ለዕዳ ድርድር የጊዜ ገደብ ተቀመጠለት ወይስ አልተቀመጠለትም? መግለጫው ለእነዚህ መልስ ከሌለው ብዙም አልተለወጠም።

የውጩን ለውጥ መጠበቅ ግን የቤትን ሥራ አያስቀርም። ኮምፖስትና ቨርሚ ኮምፖስት በማሳ ላይ ማስፋፋት፣ አሲዳማ አፈርን በኖራ ማከም ማዳበሪያው የሚሰጠውን ጥቅም ከፍ ያደርገዋል። በሶማሌ ክልል ጎዴ ሊገነባ በ2025 ስምምነት የተፈረመለት የዩሪያ ፋብሪካ እውን ሲሆን ደግሞ ለማዳበሪያ የሚወጣው ዶላር ሊቀንስ ይችላል። በዩኒየን በኩል ጥራቱን ጠብቆ ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ምርትም የራሱን ዶላር ይዞ ይመጣል። የዓለም የገንዘብ ሥርዓት እስኪሻሻል ድረስ የአርሶ አደሩ የቅርብ መጠባበቂያ ይህ ነው፤ ያለ ማንም የመሻር ድምፅ በራሱ ጉባኤ፣ በአንድ አባል አንድ ድምፅ ሊወስንበት ይችላል።